ጋሼ፣ ይሄን ምን ላድርገው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ በማኪያቶ ነው የማነበው። ስጽፍላችሁ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ጸሐፊ አይደለሁም፣ ፎርማን ነኝ። 19 ዓመት በሕንፃ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁትም እዚሁ መሀል ከተማ ነው፤ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ለገሃር። የመሠረት ጉድጓድ ከላይ እስከ ታች ምን እንደሚመስል ከኔ በላይ ብዙ ሰው ያየ አይመስለኝም። የምጽፍላችሁም ስለ አንድ ጉድጓድ ነው።

የሳይቱን፣ የባለቤቱንም ሆነ የኮንትራክተሩን ስም አልጠራም። በዚያ ሌሊት ትዕዛዙን የሰጠሁት እኔ ስለሆንኩ ሌላ ሰው ላይ ጣት የምቀስርበት ምክንያት የለም።

ከክረምቱ በፊት ነው። ከአራት ኪሎ ብዙ ሳይርቅ፣ አሮጌ ቤቶች የተነሡበት ቦታ ላይ ለቤዝመንት እንቆፍር ነበር። ሲኖዎቹ ቀን ቀን ከተማ ውስጥ እንደ ልብ ስለማይንቀሳቀሱ አፈሩን የምናወጣው ማታ ነው። ፓውዛ በርቷል፣ ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ ሁሉም ተቻኩሏል። ከላይ የወጣው የተለመደው ነገር ነው፦ የቤት ፍርስራሽ፣ የተሰባበረ ጠርሙስ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ሚስማር። ቀጥሎ ጥቁሩ መረሬ መጣ። ከሁለት ሜትር በላይ እንደወረድን እስካቫተሩ ልጦት ባለፈው የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አንድ ነገር አየሁ። አመድ ነው። ከላዩም ከታቹም ንጹህ አፈር፣ መሀል ላይ ግን ሁለት ክንድ የሚሆን የአመድ መስመር፣ ከሰል የተቀላቀለበት፣ ከሥሩ ደግሞ በእሳት የቀላ አፈር። ጉልቻው ተነሥቶ ምድጃው ብቻ የቀረ ማድ ቤት ይመስላል።

ጥግ ጥጉን በአካፋ የሚያጸዳ ልጅ ነበር። ሥራ ከጀመረ ወር አልሞላውም። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አነሣ። የእንስራ አንገት ነው። ግማሹ ተሰብሯል። ዙሪያውን ሸክላው ገና እርጥብ እያለ በጥፍር ጫን ጫን የተደረገ የሚመስል ጌጥ አለው። አጠገቡ መጅ ወድቋል፤ አንድ ፊቱ ከመፍጨት ብዛት የለሰለሰ፣ ልክ እጅ የሚሞላ ድንጋይ። ልጁ እንስራውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፓውዛው ብርሃን አስጠጋው፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን ምን ላድርገው?» አለኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሁለት ሲኖ ተሰልፎ ይጠብቃል። «ጣለው፣ ቶሎ በል» አልኩት።

እስካቫተሩ አንዴ ዛቀ፣ ዞረና ሲኖው ላይ ደፋው። አመዱም ሄደ፣ መጁም ሄደ፣ እንስራውም ሄደ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ሾፌሩ የት እንደሚደፋው እንኳ አልጠየቅሁም።

ጠዋት ልብስ ስንቀይር ልጁ ወደኔ መጣና ከኪሱ አንድ ገል አወጣ። የዚያው የእንስራ አንገት ስባሪ ነው። «እናቴ ሸክላ ትሠራለች» አለኝ፤ «የኛ አንገቱ እንደዚህ አይደለም። ገርሞኝ ነው ያስቀረሁት።» ተቀብዬው ጃኬቴ ኪስ ከተትኩት። እኔ 19 ዓመት የቆፈርኩት ሰው ያላየሁትን እሱ በአንድ ጊዜ አይቶ ነበር፤ ከየት እንደሚያውቀው ደግሞ ግልጽ ነው፣ እናቱ ጭቃ ስታቦካ፣ ስትሠራና ስትተኩስ እያየ ነው ያደገው።

ያ ገል ሰላም ነሳኝ። ውሎ አድሮ አንድ እሑድ ተነሥቼ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድኩ። ከቤቴ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው፣ ግን ተማሪ እያለሁ ከሄድኩ ወዲህ ረግጬው አላውቅም ነበር። ድንቅነሽ ፊት ረጅም ሰዓት ቆምኩ። እዚያ የምናየው ቅጂዋ ነው፣ ዋናው አጥንት ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። እኔን የያዘኝ ግን እንዴት እንደተገኘች ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፣ አፋር፣ ሐዳር። ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ ሲፈልጉ አርፍደው ወደ መኪናቸው እየተመለሱ ነበር። ጸሐዩ ያቃጥላል። ጆሃንሰን ተዳፋት ላይ አንዲት የክርን አጥንት አየ። አላለፋትም። ከዚያ በኋላ ቡድኑ በሙሉ ሦስት ሳምንት ያህል ያንን ተዳፋት አፈሩን እየነፋ፣ እየለቀመ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ስብርባሪ አወጣ። አንድም አጥንት ሁለት ጊዜ ስላልተገኘ የአንድ ፍጡር መሆኑን አወቁ። ከመላ አካሏ 40 በመቶ የሚሆነው ተገኘ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው።

ይሄ ዕድሜ እንዴት ታወቀ? ይሄን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ጉድጓዴ ላይ ያጠፋሁት ምን እንደሆነ የገባኝ በዚህ ነው። ዕድሜዋ የታወቀው ከራሷ አጥንት አይደለም፣ ተቀብራበት ከነበረው አፈር ነው። አፋር ውስጥ እሳተ ገሞራ በየዘመኑ ፈንድቶ አመዱን በንብርብር አልብሶ አልፏል። የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለው አርጎን የሚባል ጋዝ ይለካል፣ አመዱ መቼ እንደወደቀም ይታወቃል። አጥንቷ በየትኛውና በየትኛው ንብርብር መሀል እንደነበረች ከተያዘ ዕድሜዋም ተያዘ ማለት ነው። አጥንቷን አንድ ሰው አንሥቶ አዲስ አበባ ይዞ ቢመጣ፣ ከየት እንዳነሣትም ባይናገር ኖሮ፣ ይሄ ሁሉ አይታወቅም ነበር።

የኔ ጉድጓድ ውስጥም አመድ ነበር። ያውም ከሰል ያለበት። ጥፍር የምታህል ከሰል ብትያዝ በካርቦን መለኪያ እሳቱ መቼ ገደማ እንደነደደ መገመት ይቻላል። መጁ ላይ ምን እንደተፈጨ፣ እንስራው ውስጥ ምን እንደነበረ ላቦራቶሪ ሊያወጣው የሚችል ነገር ነው። ምናልባት አፄ ምኒልክ ሲሰፍሩ አብሮ የሰፈረ የአንድ ወታደር ቤት ነበር። ምናልባት ከዚያ ብዙ ቀድሞ እዚህ ይኖር የነበረ ሰው ምድጃ ነበር። ቦታው ላይ እንዳለ አንድ ባለሙያ አይቶት ቢሆን ይለይ ነበር። አሁን በእጄ የቀረው ከየትም ሊመጣ የሚችል አንድ ገል ነው።

ሙዚየሙ አልበቃኝም። በሚቀጥለው ሳምንት መልካ ቁንጡሬ ሄድኩ። በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አዋሽ ዳር። ስንቶቻችን ነን ቡታጅራ ስንሄድ በአጠገቡ ዝም ብለን የምናልፈው! እንደ ፈረንጆቹ በ1963 ነው ቦታው የታወቀው፤ ያወቀው ደግሞ ቅርስ ፈላጊ ሳይሆን ጄራርድ ዴከር የሚባል የሆላንድ የውኃ ባለሙያ ነው። ይሄ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሰውየው የራሱን ሥራ እየሠራ ዓይኑ አልቦዘነም። ዦን ሻቫዮን የሚባለው ፈረንሳዊ በ1965 ቁፋሮ ጀመረ፣ ከዚያ ወዲህ እሱም ከሱ በኋላ የመጡትም ሲሠሩበት ኖሩ። ጋርባ በሚባለው ቦታ የ2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የሕፃን መንጋጋ ተገኝቷል። ጎምቦሬ ላይ 700 ሺህ ዓመት የሆነው የእግር ዱካ አለ፤ የአዋቂም የትንንሽ ልጆችም፣ ጉማሬ በሚመላለስበት ጭቃ ላይ። አንድ ሕፃን ጭቃ ላይ የረገጠው ዱካ ያን ሁሉ ዘመን ቆይቶ፣ ባለሙያ አፈሩን በብሩሽ ሲገልጠው ታየ። ዱካ ማለት እኮ አፈር ውስጥ ያለ ጉድጓድ ነው፣ እቃ አይደለም። እስካቫተር ቢያርፍበት ማን ያየዋል?

አጠገቡ ያለው ባልጪት ደግሞ ስሙ ራሱ ይናገራል። ባልጩት የሞላበት ቦታ ነው። እዚያው መልካ ቁንጡሬ ሲምቢሮ በሚባለው ቦታ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰዎች ባልጩት እየጠረቡ መሣሪያ የሚያመርቱበት ቦታ እንደነበረ ጥናቱ አውጥቷል። የባልጩት ስባሪ እንዴት እንደሚቆርጥ በልጅነቱ እግሩን የቆረጠው ሰው ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

እዚያ ያየሁትን የአሠራር ልዩነትም ልናገር። እኛ ጋ አፈር ማለት በሜትር ኪዩብ ተሰልቶ የሚወጣ ነገር ነው። ቶሎ ከወጣ ጎበዝ ይባላል። እነሱ ጋ ቦታው በገመድ ካሬ ካሬ ሆኖ ይከፈላል፣ በትንሽ የግንበኛ ማንኪያና በብሩሽ ስስ ስስ እየተደረገ ይነሣል፣ የወጣው አፈር በወንፊት ይነፋል፣ የተገኘችው እያንዳንዷ ነገር ከየትኛው ካሬ፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደወጣች ተጽፎባት በከረጢት ትገባለች። አንድ የቁፋሮ ወቅት ሙሉ ሠርተው የኔ ቤት ሳሎን የሚያህል ቦታ ላይጨርሱ ይችላሉ። መሀል አዲስ አበባ ላይ እንደዚህ ይሠራ እያልኩ አይደለም። ሕንፃ አይሠራ እያልኩም አይደለም፣ እኔ ልጆቼን የማሳድገው በዚሁ ሥራ ነው።

«አዲስ አበባ ምን ጥንታዊ ነገር አላት? ገና የትናንት ከተማ ናት» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የሳይቱ መሐንዲስም እንደዚሁ ብሎኛል። እውነት ነው፣ ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። መሬቱ ግን በ1879 አልተፈጠረም። ከየካ በላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን ሄዶ ያየ ሰው ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያገኘው። ያን የሚያህል ሥራ የሠሩ ሰዎች እዚሁ አካባቢ ይኖሩ፣ ይበሉ፣ ያበስሉ ነበር። ሌላም አለ። ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ በ1450 እ.ኤ.አ. አካባቢ የዓለም ካርታ ሲሠራ፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ ካህናት የነገሩትን ይዞ ባራራ የምትባል ከተማ አስፍሯል። ባራራ በትክክል የት ላይ እንደነበረች እስካሁን አከራካሪ ነው፤ ከወጨጫ እስከ የረር ባለው መሬት፣ እንጦጦ አካባቢ የሚፈልጓት አጥኚዎች አሉ። ነገሩ ፌስቡክ ላይ የስድብ መለዋወጫ ሆኗል። እኔ የማንንም ወገን ይዤ አልጽፍም፣ የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። በስድቡ ማንም ምንም አያረጋግጥም፣ ማስረጃው ካለ ያለው መሬቱ ውስጥ ነው፣ ያንን መሬት ደግሞ እኛ ማታ ማታ በሲኖ እየጫንን እንደፋዋለን።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። ከሙዚየሙ ከተመለስኩ በኋላ ፈልጌ አነበብኩት። አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ሥራ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ በሚደረግ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ባለበት እንዲጠብቀው ያዛል። አግኝቶ ላስረከበውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ይላል። ልብ በሉ፣ የሕንፃ ሥራ ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ከ20 ዓመት በላይ የሆነው ሕግ ነው። እኔ 19 ዓመት ስሠራ አንድም ሰው፣ አለቃም ይሁን አማካሪ፣ ስለዚህ ሕግ አንስቶልኝ አያውቅም። ስለ ሄልሜት ተነግሮኛል። ስለ ጫማ ተነግሮኛል። የቴሌ ገመድ ወይም የውኃ መስመር ካገኘህ አቁምና ደውል ተብያለሁ፣ ሲገኝም አቁሜ ደውዬ አውቃለሁ። ስለዚህ ማቆም አንችልም የሚባለው ልክ አይደለም። ለውኃ መስመር እናቆማለን።

እንዲሆን የምፈልገው ነገር ቀላል ነው። እያንዳንዱ የሕንፃ ሳይት በር ላይ የባለቤት፣ የአማካሪና የኮንትራክተር ስም ያለበት ታፔላ ይሰቀላል። እዚያው ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ሲቆፈር አሮጌ ነገር፣ አመድ፣ አጥንት ወይም ገል ከተገኘ በዚህ ስልክ ይደወል።» ስልኩ ማታም የሚነሣ ይሁን፣ ምክንያቱም የምንቆፍረው ማታ ነው። ፎርማንና የእስካቫተር ኦፕሬተር ግማሽ ቀን ይሠልጥን፣ ያውም ክፍል ውስጥ ሳይሆን ጉድጓድ አፍ ላይ፤ የተቃጠለ አፈር ምን ይመስላል፣ ሰው የቆፈረው ጉድጓድ በደለል ሲሞላ ግድግዳው ላይ እንዴት ይታያል፣ የተጠረበ ድንጋይ ከተራ ድንጋይ በምን ይለያል። እንደኔ ላለ ሰው ይሄ ከባድ ትምህርት አይደለም፣ አፈር እናውቃለን። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አርኪዮሎጂ የሚማሩ ልጆች አሉ። ከመሀል ከተማ ትላልቅ ጉድጓዶች ላይ ቢመደቡ ለነሱ ልምምድ ነው፣ ለኛም ሁለተኛ ዓይን ነው። እኔ ከሳይት ቢሮዬ ወንበሬን ለቅቄላቸው ሻይም አዝዝላቸዋለሁ።

የባለቤቶችን ፍርሃት አውቀዋለሁ፣ አልንቀውም። «ቅርስ ተገኘ ከተባለ ቦታዬ ይታጠራል፣ የባንክ ወለዱ ይበላኛል፣ ስለዚህ ቶሎ ጫኑት» ነው ነገሩ። በግልጽ ባይነገርህም ፊታቸው ላይ ታነበዋለህ። ይሄ ፍርሃት እስካለ ድረስ ማንም ፎርማን አይደውልም፣ እንጀራው ነው። ስለዚህ ጊዜው የታወቀ መሆን አለበት። ከተደወለ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ቀን መጥተው አይተው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ለክተው፣ የሚወሰደውን ወስደው ልቀቁ ይበሉ። አብዛኛው ነገር እኮ ሥራ የሚያስቆም አይደለም። የኔው ምድጃ በአንድ ቀን ተመዝግቦ ያልቅ ነበር። እስካቫተሩን ወደ ሌላው ጥግ ማዞር ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ከበድ ያለ ነገር ቢገኝስ? ኢስታንቡልን እንይ። ከባሕር ሥር የሚያልፈውን ባቡር ሲሠሩ የኒካፒ በሚባል ሰፈር የጥንቱን ወደብ አገኙ፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ 37 መርከቦች ወጡ። ባቡሩ ለዓመታት ዘገየ። በ2013 ግን ሥራ ጀመረ። ዛሬ ሰዉ በባቡሩ ይሄዳል፣ መርከቦቹም አሉ። ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ እኛው ፒያሳ ላይ አድርገነዋል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ተብሎ ተነሥቶ ሙዚየም ተቀምጦ በ2008 ወደ ቦታው ተመልሷል። ሲነሣ ስንት ሰው እንደሰጋ አስታውሳለሁ፣ እኔም ሰግቼ ነበር። ከሥሩ ባቡሩ ያልፋል፣ ሐውልቱም ቆሟል። ሐውልቱ ስለሚታይ ተጠነቀቅንለት። አፈር ውስጥ ያለው ስለማይታይ የሚጮህለት የለውም።

ልጁ አሁን እኛ ጋ የለም። ሌላ ሳይት ገብቷል፣ ስልኩ ግን አለኝ። ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ደውዬ አነበብኩለት። «እንስራውን ይዤው ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር ጋሼ» አለኝ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም አልኩት፣ ደግሞም አይደለም። ጠይቆኛል።

ገሉ ቁም ሳጥን ላይ ነው ያለው። በንጹህ ላስቲክ አድርጌዋለሁ። ወረቀት ቀድጄ የሳይቱን ቦታ፣ ጥልቀቱን፣ ከመንገዱ ጠርዝ ያለውን ርቀት፣ ከላይና ከታች የነበረውን አፈር ቀለም፣ ያየሁትን አመድ ርዝመት የማስታውሰውን ያህል ጽፌ አብሬ ከትቼዋለሁ። ከጎረቤት ያለው ቦታ ደግሞ ገና አልተቆፈረም። የአመዱ መስመር ወደዚያ አጥር እየገባ ነበር፣ ጫፉን አላየሁትም። አጥሩ ላይ የግንባታ ፈቃድ ታፔላ ተሰቅሏል፣ ሥራ ሲጀምሩ የሚገባው ፎርማን ማን እንደሆነም አጣርቻለሁ፣ የማውቀው ልጅ ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ገሉን ይዤ አምስት ኪሎ እሄዳለሁ፣ ከዚያ እሱን አገኘዋለሁ።

አክባሪያችሁ
ፎርማኑ፣ ከአራት ኪሎ